ስካትማን ጆን ከዝናው በኋላ፦ «ኤቭሪባዲ ጃም!» በእርግጥ የወደቀ አልበም ነው?

የካሴት ዘመን (ክሩን የከፈተው)

ውድ የመድረኩ አባላት፣ ባለፈው ሳምንት ቤት ስቀይር ከአንድ አሮጌ ካርቶን ውስጥ የስካትማን ጆንን ሁለት ሲዲዎች ተደራርበው አገኘኋቸው። አንደኛው በ1995 የወጣው «ስካትማንስ ወርልድ» ሲሆን ሁለተኛው በዓመቱ የተከተለው «ኤቭሪባዲ ጃም!» ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። የመጀመሪያው ማቀፊያው ተሰንጥቋል፣ በውስጡ የነበረችው መጽሔት ጠፍታለች፣ ሲዲውም በጭረት ብዛት መሃል ላይ ሲደርስ እየዘለለ ያስቸግራል። ሁለተኛው ግን ዛሬ ከሱቅ የወጣ ይመስላል። በዚያ ዘመን ፍራንክፈርት ውስጥ የምኖር ወጣት ነበርኩ፤ ሁለቱንም በገዛ ገንዘቤ ነው የገዛኋቸው። አንዱን እስኪያልቅለት አድምጬ ሌላውን ለምን እንዲሁ እንዳስቀመጥኩት ለራሴ መልስ ስላጣሁ ጥያቄውን ወደ እናንተ አመጣሁት።

ለወጣት አንባቢዎች ሰውየውን ባጭሩ ላስተዋውቅ። ጆን ፖል ላርኪን በ1942 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤል ሞንቴ በምትባል ከተማ ተወለደ፤ አፉን ከፈታ ጀምሮም ይንተባተብ ነበር። በ12 ዓመቱ ፒያኖ ጀመረ፤ በ14 ዓመቱ ደግሞ የኤላ ፊትዝጄራልድንና የሉዊ አርምስትሮንግን ሸክላዎች ሰምቶ ስካትን፣ ማለትም ትርጉም ባላቸው ቃላት ፈንታ በባዶ ድምፆች እንደ መለከት ወይም እንደ ሳክስፎን መዝፈንን አወቀ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በሎስ አንጀለስ የጃዝ ቤቶች ፒያኖ እየተጫወተ ኖረ። ከንግግር ለመሸሽ ከፒያኖው ጀርባ ይደበቅ እንደነበር ራሱ ሳይደብቅ ተናግሯል። በ1986 በስሙ ያሳተመው የጃዝ አልበም ገዢ አጥቶ ብዙው ቅጂ ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀረ። መጠጥና አደንዛዥ ዕፅም ይዘውት ነበር፤ በዚያው ዓመት የሥራ ባልደረባውና ወዳጁ ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆ ፋረል ሲሞት ደንግጦ ለመተው ወሰነ።

በ1990 ወደ በርሊን ሄደ። ማንፍሬድ ዘሪንገር የሚባል ወኪሉ ስካቱን ከዳንስ ምት ጋር የማዋሐድን ሐሳብ ሲያመጣለት፣ «ሰዎች ስናገር ሰምተው ይሥቁብኛል» በሚል ፍርሃት ወደ ኋላ አለ። ባለቤቱ ጁዲ ግን መንተባተቡን ከመደበቅ ይልቅ በግጥሙ ውስጥ እንዲያወጣው መከረችው። በ1994 መጨረሻ የወጣው «ስካትማን» የተባለው ነጠላ ዜማ ከ6 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ ባለዝናው በዚያን ጊዜ የ52 ዓመት ሰው ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣው ሁለተኛው አልበም ከጃፓን በስተቀር እንደ መጀመሪያው አልሆነለትም። ዘፈኖቹ ደክመው ነው? ወይስ እኛ አድማጮቹ ነን የተውነው?

ጥቁርና ነጭ ቁልፍ

የካሴት ዘመን፣ ጥያቄዎን ስላነሡት አመሰግናለሁ። እኔ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ፤ በሠርግና በሆቴል ሥራ ነው የምተዳደረው፤ ስለዚህ ነገሩን ከእጄ በኩል ልመልከተው።

የመጀመሪያውን ተወዳጅ ዘፈን አሁን ከፍተው ያዳምጡት። ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ጎልቶ የሚሰማው የሚሮጠው አፉ ነው፤ «ስኪ ባ ቦፕ ባ ዶፕ ቦፕ»። ከሥሩ አራቱም ምት ላይ እኩል የሚወድቀው ከበሮ አለ። በዚያ ዘመን በነበሩት የዩሮዳንስ (በአውሮፓ የተስፋፋው ፈጣን የጭፈራ ሙዚቃ) ዘፈኖች ውስጥ ሰው ቤቱ ሲገባ በአፉ የሚያንጎራጉረው፣ ብዙውን ጊዜ አቀናባሪው በኪቦርድ የሠራት አጭር ዜማ ነበረች። እዚህ ዘፈን ላይ ግን የኪቦርዱን ቦታ የያዘው የሰውየው ምላስ ነው። ፕሮዲዩሰሮቹ ኢንጎ ካይስና አንቶኒዮ ኑንዚዮ ካታኒያ የገባቸው ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ስካቱን እንደ ማጣፈጫ አልነሰነሱትም፣ ራሱን አዝማች አድርገው ዘፈኑን አቆሙበት።

ችግሩም ከዚያው ይጀምራል። ስካት በጃዝ ቤት ያደገ ጥበብ ነው፤ ዛሬ ማታ ያልኸውን ነገ ማታ አትደግመውም፤ ብትደግመው ባልደረቦችህ ያፍሩብሃል። የዳንስ ሙዚቃ ደግሞ የሚኖረው በድግግሞሽ ነው፤ ሰው ያችኑ ሐረግ፣ በዚያችው ቦታ፣ በዚያችው ፍጥነት እንድትመጣለት ይጠብቃል። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲፈጥር ኖሮ፣ በመጨረሻ ዓለም ያወቀው አንዲትን ሐረግ እንደ ማኅተም በመድገሙ ነው። እንግዲህ የሁለተኛውን አልበም ስም ተመልከቱት። በሙዚቀኞች ቋንቋ «ጃም» ማለት ያለ ጽሑፍና ያለ ልምምድ፣ አንዱ የሌላውን እየሰማ አብሮ መጫወት ነው። «ሁላችሁም ኑና አብረን እንጫወት» ማለቱ ነበር። ገበያው ግን ማኅተሙን ነበር የፈለገው።

እኔ በሠርግ ላይ ይህን ችግር በየሳምንቱ አያለሁ። ሰው የሚያውቀውን ዘፈን ትንሽ ለወጥ አድርጌ ስጫወት ከፊት የተቀመጡት ጨፋሪዎች ቀና ብለው ያዩኛል፤ እንደ ካሴቱ ስጫወት ግን ማንም ቀና አይልም፣ እስክስታው ይቀጥላል።

ጃዝ ብቻ

ይቅርታ ይደረግልኝና ሁለታችሁም ለነገሩ ከሚገባው በላይ ክብር እየሰጣችሁት ነው። ስሜን አይታችሁ እንደምትገምቱት እኔ ከመጀመሪያውም ይህን ሙዚቃ አልወደድኩትም። የኤላ ፊትዝጄራልድን ስካት ለሰማ ጆሮ ይህ ለዲስኮ የተቆራረጠ ነገር ነው። ለእኔ ሁለተኛው አልበም መዝጋቢ ኩባንያዎች ሁልጊዜ የሚያደርጉትን ነው ያደረገው፤ የተሸጠውን ቀመር ወስዶ ቀለሙን ቀየር ማድረግ። «ኤቭሪባዲ ጃም!» የሚለው ዘፈን ለሉዊ አርምስትሮንግ የቀረበ ውዳሴ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን አርምስትሮንግን ማወደስ ማንንም አያስነቅፍም፣ ማንንም አርምስትሮንግ አያደርግም።

ሌላም አለ። ሰው በ52 ዓመቱ ዝነኛ ሲሆን የሚቀጥለውን አልበም ለመሥራት የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። የመጀመሪያውን አልበም ለመሥራት የሃምሳ ዓመት ኑሮ ነበረው፤ ሁለተኛውን ለመሥራት ግን አንድ ዓመት፣ እሱም በአውሮፕላንና በሆቴል የተበላ ዓመት። ይህ የሁለተኛ አልበሞች ሁሉ በሽታ ስለሆነ የስካትማን ጆንን ለብቻው መመርመር ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም።

ቃል ይይዘኛል

ጃዝ ብቻ፣ ለብቻው መመርመር የሚያስፈልግበትን ምክንያት እኔ ልንገርዎ። እኔ እንተባተባለሁ። በልጅነቴ የክፍል ስም ጥሪ ሲደረግ «አቤት» ማለት አቅቶኝ እንደ ቀሪ የተመዘገብኩባቸው ቀናት ነበሩ፤ የስም ጥሪው ወደ እኔ እየቀረበ ሲመጣ ልቤ የሚመታውን አመታት እስከ ዛሬ አልረሳውም። በዓለም ላይ ከመቶ ጎልማሶች አንዱ ገደማ እንደ እኔ ነው ይባላል፤ ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ላይ እንደ እኔ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ከሰማሁም መሣቂያ ሆኖ ነው።

እስቲ የዘፈኑን ድምፆች አንድ በአንድ ተመልከቷቸው፦ ባ፣ ቦፕ፣ ዶፕ። በ፣ ደ እና ፐ የሚነገሩት አየሩን በከንፈር ወይም በምላስ ዘግቶ በድንገት በመልቀቅ ነው። እኔን በየቀኑ የሚይዙኝ እነዚሁ ናቸው። ከንፈሬ ይገጥማል፤ መልቀቅ ያለበት አየር አይለቀቅም፤ የሚያናግረኝ ሰው ዓይኑን ወደ መሬት ይጥላል ወይም ቃሉን ቀድሞኝ ይጨርስልኛል። ጆን ላርኪን የሚንተባተብ ሰው የሚፈራቸውን ድምፆች ለቅሞ፣ በደቂቃ ከ130 ምት በላይ በሚሮጥ ሙዚቃ ላይ ደርድሮ፣ መተዳደሪያው አደረጋቸው። በመሃሉ ደግሞ በግልጽ ቃል ይናገራል፤ እንደሚንተባተብ፣ ሁሉም ሰው በአንድም ሆነ በሌላ መንገድ እንደሚንተባተብ፣ እሱ ከቻለ ሌላውም እንደሚችል። ጥቁርና ነጭ ቁልፍ ስለ ስካቱ የጻፉትን ወድጄዋለሁ፤ ለእኔ ግን የዘፈኑ ተአምር በስካቱ መካከል በፍጥነት የሚነገረው ንግግር ነው።

አብዛኞቻችን ስንዘፍን አንንተባተብም። ምቱ ያግዘናል፣ ትንፋሹ ይረዝማል፣ አናባቢው ይሳባል፣ ቃሉም አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ በዚያች ቅጽበት ፍለጋ የለም። ስለዚህ ሰውየው መዝፈን መቻሉ አላስደነቀኝም። ያስደነቀኝ ያንን ሰላማዊ ቦታ ትቶ፣ ወደ ጋዜጠኛ ማይክሮፎን ፊት ወጥቶ፣ ቃል እየያዘው ቃለ መጠይቅ መስጠቱ ነው።

እንግዲህ ስለ ሁለተኛው አልበም የማምንበትን ልናገር። ምሥጢር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚወጣው። በ1995 «እኔ እንተባተባለሁ» ሲል ዓለም ቆም ብሎ ሰማው። በ1996 ተመልሶ ሲመጣ ግን ሁሉም ሰው ነገሩን አውቆታል፤ ከዚያ ወዲያ የቀረው ሙዚቃው ብቻ ነበር። ታሪኩን የወደዱ ሰዎች ታሪኩን ሰምተው ጨርሰዋል፤ ሙዚቀኛውን ለመስማት የቆዩት ጥቂቶች ናቸው። ይህ የአልበሙ ድክመት አይመስለኝም።

ኦሳካ የቆየሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ጃፓን ለትምህርት ጥቂት ዓመታት ኖሬአለሁ፤ እርግጥ ከነዚያ ዓመታት እጅግ ዘግይቼ ነው የሄድኩት፤ ነገር ግን የእኔ ዕድሜ ጎረቤቶቼ ስካትማን ጆንን ሁሉም ያውቁታል። በአውሮፓ ስሙን ስታነሡ «አሃ፣ ያ አንዱ ዘፈን!» ይሏችኋል። ጃፓን ውስጥ ግን ሰውየውን ነው የሚያስታውሱት፤ ባርኔጣውን፣ ጢሙን፣ ፈገግታውን።

የመጀመሪያው አልበም እዚያ ከ1.5 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል፤ ለውጭ አገር ዘፋኝ ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። በመልኩ የተሠሩ አሻንጉሊቶች በመጫወቻ መደብሮች ይሸጡ ነበር፤ ምስሉ በስልክ ካርድና በኮካ ኮላ ቆርቆሮ ላይ ታትሟል። ሁለተኛው አልበም ለጃፓን ገበያ ሲወጣም ለብቻው አምስት ተጨማሪ ዘፈኖች ተጨምረውለታል። ከነሱ ሁለቱ ለማስታወቂያ የታዘዙ ናቸው። «ሱ ሱ ሱ ሱፐር ኪ ሬ ኢ» ለመዋቢያ ምርት የተሠራ ሲሆን ኪሬኢ በጃፓንኛ ቆንጆ ወይም ንጹሕ ማለት ነው፤ «ፕሪፕሪ ስካት» ደግሞ የፑዲንግ ማስታወቂያ ነው።

ይህን እንደ ውርደት እንዳታዩት። በዚያ ዘመን ጃፓን ውስጥ ዘፈን ተወዳጅ የሚሆንበት አንዱ ትልቁ መንገድ ከቴሌቪዥን ማስታወቂያ ወይም ከድራማ ጋር ተጣምሮ መውጣት ነበር፤ የአገሩ ታላላቅ ዘፋኞችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ደግሞም አንድ ነገር አስቡ፤ ስካት ትርጉም የለውም፣ ስለዚህ ትርጉም አያስፈልገውም። እንግሊዝኛ የማያውቅ የኦሳካ ልጅና እንግሊዝኛ የሚናገር የለንደን ልጅ «ቦፕ ባ ዶፕ» የሚለውን የሚረዱት እኩል ነው።

ቃል ይይዘኛል

ኦሳካ የቆየሁ፣ ስለ መረጃው ከልብ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር ጎርብጦኛል። «ሱ ሱ ሱ ሱፐር» ያሉት ርእስ እኔ ጆሮ ውስጥ ሲገባ የሚመስለው የእኛኑ መንተባተብ ነው። አንድ የመዋቢያ ድርጅት የሚንተባተብን ሰው አምጥቶ «ሱ ሱ ሱ» ማሰኘቱ ውዳሴ ነው ወይስ ሹፈት? እኔ ልጅ ሆኜ በሰፈር ልጆች የምጠራው እንደዚያ ነበር፤ የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ሦስቴ ደጋግመው።

ኦሳካ የቆየሁ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ከባድ ነው፤ ቸኩዬ ልመልሰው አልፈልግም። በአንድ በኩል የጃፓንኛ ቋንቋ ራሱ ድምፅን እየደጋገመ የሚናገር ነው፤ ለስላሳውን፣ የሚያብረቀርቀውን፣ የሚንቀጠቀጠውን ነገር ሁሉ በተደጋገመ ድምፅ ይገልጻሉ። «ፕሪፕሪ»ም ለጃፓናዊ ጆሮ እንደ ፑዲንግ የሚንቀጠቀጥን ነገር ያስታውሳል። ስለዚህ ርእሱን ያወጣው ሰው መንተባተብን ፈጽሞ ላያስብ ይችላል። በሌላ በኩል ዘፋኙ ማን እንደሆነ በ1996 ጃፓን ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፤ ስለዚህ እርስዎ የሰሙት ነገር የለም ማለትም አልችልም። እኔ የማምነው ዘፋኙ ራሱ ሰምቶት እንደሚሆንና፣ ሰምቶም በፈገግታ እንደ ዘፈነው ነው። ግን ይህ የእኔ ግምት ነው፤ የእርስዎን ቁስል አይሽረውም።

ጥቁርና ነጭ ቁልፍ

በዚህ ጉዳይ አንዲት ቃል ብቻ ላክል። በስካት ውስጥ አንድን ድምፅ ሦስቴ መምታት ከበሮ ሦስቴ እንደ መምታት ነው፤ ስሕተት አይደለም። ስለዚህ «ሱ ሱ ሱ» ከሚንተባተብ ሰው አፍ በጎዳና ላይ ሲወጣና ከስካት ዘፋኝ አፍ በመድረክ ላይ ሲወጣ ፊደሉ አንድ ቢሆንም አንዱ ያመለጠ፣ ሌላው የታሰበ ነው። ሰውየው ሁለቱንም በአንድ አፍ መያዙ ነው ሌሎች ስካት ዘፋኞች የሌላቸው ነገር።

ጃዝ ብቻ፣ ስለ አርምስትሮንግ የተናገሩትን ግን እንዲሁ አላልፈውም። አርምስትሮንግ «ሂቢ ጂቢስ»ን ቺካጎ ውስጥ የቀዳው በ1926 ነው፤ በቅጃ ላይ ሳለ የግጥሙ ወረቀት ከእጁ ወድቆበት ባዶ ድምፅ መዝፈን ጀመረ የሚለውን አፈ ታሪክ ሳያውቁት አይቀሩም። ስካት ከዚያ በፊትም ነበር፤ ታሪኩ እውነትም ይሁን ተረት፣ ሰዎች የወደዱት ምክንያት ግን ግልጽ ነው፤ ቃል ሲጠፋ ሙዚቃው አልቆመም። «ኤቭሪባዲ ጃም!» የወጣው ልክ በ70ኛ ዓመቱ ነው። ቃል የሚጠፋበት ሰው፣ ቃል ጠፍቶበት ዘፈነ ለተባለለት ሰው ምስጋና ሲያቀርብ፣ «አርምስትሮንግን ማወደስ ማንንም አያስነቅፍም» ብሎ ማለፍ ትንሽ የከበደ ፍርድ ነው። በ14 ዓመቱ ከሸክላ ላይ የሰማውን ሰው ነው በ54 ዓመቱ ያመሰገነው።

ጃዝ ብቻ

ይህንን ከዚህ አንጻር አላየሁትም ነበር፤ እቀበላለሁ። ትናንት ማታ አልበሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አዳመጥኩት (ከዚህ በፊት ሳልሰማው መፍረዴን እነሆ ተናዘዝኩ)። የከበሮው ድምፅ አሁንም ይጎረብጠኛል፤ በ1996 የተሠራ መሆኑን ከሩቅ ያሳብቃል። ስካቱ ግን ከመጀመሪያው አልበም ይልቅ ልቅ ነው፤ ዘፋኙ በምቱ ላይ መደገፍ ትቶ አንዳንዴ ከምቱ ዘግየት ብሎ ይመጣል። ይህ የጃዝ ሰው ልማድ ነው። ከበሮውን አውጥቼ ባዳምጠው ብዬ ተመኘሁ።

የካሴት ዘመን

ከዚህ ሁሉ ውይይት በኋላ እኔም ራሴን ጠየቅኩ። በ1996 በጋ ፍራንክፈርት ውስጥ ምን እሰማ ነበር? መልሱ ያሳፍራል፤ «ማካሬና»። በየጭፈራ ቤቱ፣ በየልደቱ፣ በየሐበሻ ሠርጉ ሳይቀር እጃችንን እየዘረጋን ወደ ራሳችን ስንመልስ ነው የከረምነው። የዩሮዳንስ ማዕበልም እየሸሸ ነበር፤ ቱ አንሊሚትድ የተባሉት ሁለቱ የሆላንድ ዘፋኞች እንኳን የተለያዩት በዚያው ዓመት ነው። ስካትማን ጆን ሁለተኛውን አልበም ይዞ ሲመጣ ያሳፈረው ባቡር ጣቢያውን ለቅቆ ሄዷል። ጃፓን ውስጥ የቆመው በዩሮዳንስ ላይ ሳይሆን በራሱ ስም ላይ ስለነበር ባቡሩ ሲሄድ እሱ አብሮ አልሄደም።

አንድ ትዝታ ብቻ ላክል። ሁለተኛውን ሲዲ የገዛሁ ዕለት አንድ ጓደኛዬ ክፍል ውስጥ አብረን ከፈትነው። ጓደኛዬ የመጀመሪያውን ዘፈን እስከ ግማሽ ሰምቶ «ያ የታወቀው የታለ?» አለኝና እጁን ሰድዶ የድሮውን ሲዲ አስገባ። እኔም ምንም አላልኩም። ቃል ይይዘኛል የጻፉትን ሳነብ ያች እጅ ትዝ አለችኝ።

ሙዚቃ የማልወድ

ከውጭ ሆኜ እያነበብኩ ነበር፤ አንድ አጭር ጥያቄ አለኝ። ሰውየው ከዚህ በኋላ ምን ሆነ?

ኦሳካ የቆየሁ

ሦስተኛ አልበም ሠርቷል፤ «ቴክ ዩር ታይም» ይባላል፤ በ1999 ወጣ። ቀደም ሲል የሳንባ ካንሰር እንዳለበት ታውቆ ነበር፤ በዚያው ዓመት በፈረንጆቹ ዲሴምበር 3 ቀን፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ57 ዓመቱ ዐረፈ። ዝናው ከጀመረበት እስከ ሞተበት አምስት ዓመት ገደማ ነው። ለሚንተባተቡ ሰዎች ላደረገው አስተዋጽኦም የአሜሪካ የንግግርና የመስማት ባለሙያዎች ማኅበር የአኒ ግሌን ሽልማትን ሰጥቶታል፤ አኒ ግሌን የጠፈር ተጓዡ የጆን ግሌን ባለቤት ስትሆን እሷም ክፉኛ ትንተባተብ የነበረች ሴት ናት።

ሙዚቃ የማልወድ

አመሰግናለሁ እህቴ።

ቃል ይይዘኛል

ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እሷም ከእኔ ወርሳዋለች። የመጀመሪያውን ተወዳጅ ዘፈን ከሁለት ዓመት በፊት አሰምቻት ነበር፤ ግጥሙን በቃሏ ይዛ፣ ቃል በያዛት ቁጥር «እሱ ከቻለ» እያለች ትሥቅብኛለች። ችግሩ አሁን ሰለቻት። ባለፈው ሳምንት «አባዬ፣ ሌላ ዘፈን የለውም እንዴ?» አለችኝ። ይህን ክር ማንበብ የጀመርኩት እንግዲህ በዚያ ምክንያት ነው። ከሁለተኛው አልበም በየትኛው ልጀምርላት? «ዘ ኢንቪዚብል ማን» የሚለውን ርእስ አይቼ ወደድኩት፤ ከፒያኖ ጀርባ ለብዙ ዓመት የተደበቀ ሰው «የማይታየው ሰው» ብሎ ሲዘፍን የመዝፈን መብት አለው ብዬ ነው። ግን ለልጅ ጆሮ ይሆናል?

ጥቁርና ነጭ ቁልፍ

በርእሱ ዘፈን በ«ኤቭሪባዲ ጃም!» ይጀምሩላት። ምቱ የምታውቀው ዓይነት ስለሆነ አትሸሽም፤ ከዚያ «ሌት ኢት ጎ»ን ያስከትሉ። አርምስትሮንግ ማን እንደሆነ ከጠየቀችዎ ደግሞ ቀስ ብለው ወደ 1926ቱ ቅጂ ይውሰዷት። አንድ ምክር ካልከበደ፣ ስካቱን አብራው እንድትሸመድድ አያድርጉ፤ ዘፈኑ እየሄደ የራሷን ታውጣ። ልክ የሚባል ነገር ስለሌለው የምትሳሳትበት የለም። ቤት ውስጥ ኪቦርድ ካለ ሁለት ቁልፍ ብቻ ይበቃል፤ እርስዎ እየደጋገሙ ይምቱላት።

ኦሳካ የቆየሁ

ከቻሉ የጃፓኑን ዕትም ይፈልጉ፤ ተጨማሪዎቹ አምስት ዘፈኖች በሌላው ላይ የሉም። «ፕሪፕሪ ስካት» ልጆችን ያሥቃል። ያኛውን፣ እርስዎን የጎረበጠዎትን፣ ግን እሷ ራሷ ሰምታ ትፍረድ።

ቃል ይይዘኛል

ቅዳሜ አሰማታለሁ። ኪቦርድ የለንም፤ የወጥ ድስት ክዳን አለ።

የካሴት ዘመን

እኔ ዘንድ ያለው የአውሮፓው ዕትም ነው፤ አድራሻዎን በግል መልእክት ይላኩልኝ፣ ጭረት የሌለበትን ሲዲ በፖስታ እልክልዎታለሁ። የእኔ ጆሮ እስካሁን አልተጠቀመበትም።